ያልተነሳችው ግራ እጅ

ባሌን ሰይድን የጣለው በሽታ በአንድ እሁድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ራሱን አሳይቷል፤ በእጁ፣ በፊቱና በአንደበቱ። ሦስቱንም ጊዜ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አይቶታል። ያየውን ግን ሁሉም ሌላ ስም ሰጠው። የማጫውታችሁ ይህንን ነው። እያወራሁ ቆጣ ብዬ ከተገኘሁ አትቀየሙኝ፤ ዕድሜዬ ቢገፋም ንዴቴ አላረጀም።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ቀይ ሽብሩ አልፏል ቢባልም ባሕር ዳር ላይ ሰው ገና ጮክ ብሎ ለማስነጠስ የሚፈራበት ወቅት ነበር። እኔ ዘሀራ እባላለሁ። ያኔ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር እወርድና ከታንኳ ላይ አሳ እገዛለሁ። ቆረሶ የሚባለውን አሳ ትኩሱን ገበያ አወጣዋለሁ፤ ያልተሸጠውን ጨው ነስንሼ አደርቀዋለሁ። ምላስሽ ስለታም ነው ይሉኝ ነበር። አሳ ሻጭ ምላሷ ካልተሳለ ምን በልታ ልታድር ነው?

ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው ዳር ባለችው ጠባብ ሱቁ ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ይውላል። ሲጋራው ከከንፈሩ አይወርድም። ምሳው እኔው ያደረቅኩት ጨው የበዛበት አሳ ነው፤ እሱ ካልሆነ አይጥመውም። ብዙ ጊዜ ራሱን ያመዋል፤ ሲያመው በሻሽ ጥፍር አድርጎ ያስርና ሥራውን ይቀጥላል። ደም ብዛት የሚባል ነገር መኖሩን ሰምተን ይሆናል፤ የሀብታምና የወፍራም ሰው በሽታ ነበር የሚመስለን። ሰይድ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ሀብታምም አይደለም።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታምሩ ካኪ ልብሱን የሚያሰፋው እሱ ዘንድ ነበር። አንድ ቀን ሰይድ ወገቡን ሲለካው ካለፈው ዓመት እጅግ ሰፍቶ ቢያገኘው ሳቅ ብሎ፣ “ጓድ፣ አብዮቱ ለሁላችንም እኩል አልደረሰም እንዴ?” አለው። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ጓድ ታምሩ ብቻ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ልብሱን ሌላ ቦታ ማሰፋት ጀመረ።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው። ምሳውን ይዤለት ሱቁ ስደርስ መቀሱ መሬት ወድቋል፤ እሱ ግራ እጁን ጭኑ ላይ አጋድሞ እያየው ነው። መኪናው ላይ ያለው ሸሚዝ እጅጌው ተጣሞ ተሰፍቷል። ሰይድ ጠማማ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም።

“ምነው፣ ምን ሆንህ?” አልኩት።

“ምንም” ሊለኝ ፈልጎ ነበር። የወጣው ድምፅ ግን ትኩስ ድንች የጎረሰ ሰው ድምፅ ነው። ደነገጥኩ። ወጥቼ አጠገባችን ቅመም የምትሸጠውን እትዬ ጥሩነሽን ጠራኋት። እሷ ነጠላዋን እያጣፋች እስክትደርስ ድረስ ሰይድ አንደበቱ ተመልሶለት፣ እጁንም ጨበጥ ዘርጋ እያደረገ ይስቅ ጀመር።

“ምች ነው እቴ!” አለች እትዬ ጥሩነሽ አንዴ አየት አድርጋ። “ላቡ ሳይደርቅ ነፋስ አግኝቶት ነው። ዳማ ከሴ አሽተሽ ፊቱን ቀቢው፤ ጭማቂውንም ትንሽ ይጠጣለት።”

“ይኸው ለቀቀኝ እኮ” አለ ሰይድ። “ምን ያስጨንቃችኋል?”

ዳማ ከሴ ፈልጌ አሸሁለት፣ ቀባሁት፣ አጠጣሁት። ማታ ተሽሎት እራቱን በላ። እኔም እትዬ ጥሩነሽም መድኃኒቱ ሠራ አልን። በዚህ ራሴን ወቅሼ አላውቅም፤ ያልተነገረኝን ከየት ላምጣው? የለቀቀን በሽታ ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው በመንደራችን አልነበረም።

እሁድ ጠዋት ሰይድ ራሱን እያመመው ተነሳ። ሸሚዙን ሲለብስ ቁልፉ አልያዝ አለው። ለስንቱ ሰው ቁልፍ ሲተክል የኖረ ሰው የራሱን መቆለፍ አቅቶት ሲታገል አየሁና እኔ ቆለፍኩለት።

“ዛሬ ቅር” አልኩት። “አሞኛል በል።”

“ባለፈው የቀረውን ሰው ምን እንዳደረጉት አላየሽም? የቀበሌ ሸቀጥ መግዣ ካርዱን ነጠቁት። ጨውና ሳሙና ከየት ልታመጭ ነው? ተቀምጨ እሰማለሁ፤ መስማት አይገድል።”

የቀበሌው ስብሰባ እሁድ እሁድ ነው፤ መቅረት አይቻልም። አዳራሹ ውስጥ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን እንቀመጣለን። ሲከፈትና ሲዘጋ፣ መሐልም ላይ ተናጋሪው ደስ ባለው ጊዜ መፈክር ይባላል። መፈክር ሲባል ሁሉም ተነስቶ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ይዘረጋል። ቀኝ እጅ አይሆንም፤ ቀኝ የአድኃሪያን ነው ተብሏል። ልጅ ሆኜ በቀኝ ብይ፣ በቀኝ ስጪ ተብዬ ያደግኩትን ሴት፣ ባለትዳር ከሆንኩ በኋላ ግራ እጄን ያስከብሩኝ ጀመር።

የዚያን ዕለት ጓድ ታምሩ ገና መድረኩ ላይ ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር። ከደብረ ማርቆስ እንግዶች መጥተዋል፤ ከስብሰባው በኋላ በጀልባ ደሴቶቹን ሊያስጎበኛቸው ነው። “አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!” ብሎ ጮኸ። ተነሳን፤ እጅ ሁሉ ሽቅብ ወጣ። ዓይኔ ሰይድ ላይ ነበር። ግራ እጁ እስከ ደረቱ መጣና ወደ ታች ወደቀ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ወደቀ።

ጓድ ታምሩም አየው።

“ጓድ ሰይድ! እጅህ የት አለ?”

ሰይድ በቀኝ እጁ ግራውን አንጓው ላይ ያዘና ሽቅብ አነሳው። የሞተ ዶሮ በእግሩ ተይዞ እንደሚነሳ ማለት ነው። ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው። ያን ጊዜ ሌሎቹም ሳቁ። ሰው ቀልድ መሰለው፤ ሰይድ ቀልደኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

“ትቀልዳለህ?” አለ ጓድ ታምሩ። “በአብዮቱ ትቀልዳለህ? ደግሞ ትስቃለህ!”

ሰይድ አልሳቀም። የፊቱ ግራ ወገን ወርዶ አፉ ወደ ቀኝ ተስቦ ነበር። ከመድረክ ላይ ሆኖ ለሚያየው ግን ፌዘኛ ፈገግታ ነው። መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ቃሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ ወጣ።

“ጠጥቷል!” አለ አንዱ።

ሰይድ! ከተወለደ ጀምሮ መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ፣ ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ደጃፍ እንኳ የማይቆመው ሰይድ! ከሴቶቹ መሐል ብድግ ብዬ ጮህኩ።

“አልጠጣም! ታሟል! ከሐሙስ ጀምሮ ምች መቶታል!”

“ተቀመጭ!” አለኝ ጓድ ታምሩ። “ምች ግራ እጅ መርጦ አይመታም።”

ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። አስቡት እንግዲህ፤ ሊቀ መንበሩ ሳያውቀው እውነቱን ተናግሮ ነበር። በእርግጥም ምች ግራ እጅ መርጦ አይመታም።

ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው ብብቱን ይዘው ወሰዱት። ግራ እግሩ መሬቱን እየጫረ ይጎተታል። “ቀጥ ብለህ ሂድ! አትለግም!” ይሉታል። እኔ ልከተል ስል በሩ ላይ ያለው ጠባቂ በጠመንጃው አፈሙዝ መለሰኝ። ስብሰባው ሳያልቅ መውጣት ክልክል ነው። ባሌ ከግድግዳው ወዲያ እየወደቀ እኔ ስለ ኢምፔሪያሊዝም እስከ ቀትር ድረስ ተማርኩ።

የቀበሌው እስር ቤት የድሮ እህል መጋዘን ነበር። ስብሰባው ሲበተን በሩጫ ደረስኩ። ቁልፍ ያዡ አዳነ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ሱሪውን ሰይድ ሰፍቶለታል። በሩን ገርበብ አድርጎ ፊቴን ሳያይ፣ “ቶሎ በይ” አለኝ።

ሰይድ ግድግዳ ተደግፎ ወደ ግራው ተጋድሟል። ግራ ዓይኑ በደንብ አይከደንም፤ ምራቁ ባገጩ ይወርዳል። ውኃ ጠማው መስሎኝ በኩባያ ብሰጠው ትን አለው፤ ፊቱ እስኪጠቁር ሳለ። የቀረው ውኃ በግራ አፉ ጥግ ፈሰሰ። ቀኝ እጁ ግን ሻሼን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ ጉልበቷ እንዳለ ነው።

“አውጣልኝ፣ አዳነ። እየሞተብኝ ነው።”

“ዘሀራ፣ ቁልፉ ነው እንጅ ትእዛዙ እኔ ዘንድ የለም። ባወጣው እኔ እገባለሁ። ጓድ ታምሩ ይዘዘኝ፣ በጀርባየ አዝየ አወጣዋለሁ።”

ሆስፒታሉ ሩቅ አልነበረም። ሮጬ ሄጄ ተረኛዋን ነርስ ያየሁትን ነገርኳት። “አምጭው! አሁኑኑ አምጭው!” አለች። ታስሯል ስላት ፊቷ ተለወጠ። ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ካስፈታሽው አምጭው” ብላ ገባች። አልፈረድኩባትም። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የራሱ ታሳሪ ነበረው።

ጓድ ታምሩ ያለው ሐይቁ ላይ ነው። ወደቡ ላይ ስደርስ ጀልባዋ ከሄደች ቆይታለች። የሚከተል ሌላ ጀልባ የለም፤ ያሉት ታንኳዎች ናቸው፤ ታንኳ ደግሞ ሞተር ላይ አይደርስም። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ያውቁኛል። “ምን ሆንሽ?” አሉኝ፤ ነገርኳቸው። አንዱ ደሴቱን በጣቱ አሳየኝና፣ “ምሳ ሳይበሉ አይመለሱም” አለ።

ተቀመጥኩ። ሕይወቴን ሙሉ የበላሁበት ሐይቅ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ስፋቱን ጠላሁት። ፀሐይዋ ከራሴ ላይ ወደ ትከሻዬ፣ ከትከሻዬ ወደ ፊቴ ዞረች። ተነስቼ ወደ መጋዘኑ ልመለስ እልና ጀልባዋ በዚያች ቅጽበት ብትመጣስ ብዬ እቀመጣለሁ። ሰይድ ቢሞትስ እላለሁ፤ ደግሞ አፌን እይዛለሁ። ከሩቅ ጥቁር ነገር ባየሁ ቁጥር እነሳለሁ፤ ወይ ታንኳ ነው ወይ ወፍ ነው። ዱዓ ማድረግ አቃተኝ። የማውቀው ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፍቶ “ያ አላህ” የሚለውን ብቻ እደጋግም ነበር።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ጀልባዋ መጣች። ከመድረሷ በፊት ሳቃቸው መጣ። ጓድ ታምሩ ቀድሞ ወርዶ እንግዶቹን እጃቸውን እየያዘ ሲያወርድ እግሩ ሥር ቆምኩ።

“አንች እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ጓድ፣ ሰይድ ግማሽ ጎኑ በድን ሆኗል። በዓይኔ አይቸ መጣሁ። ይፈታልኝና ሆስፒታል ልውሰደው፤ ሲድን መልሰው ይሰሩት።”

“ነገ ጠዋት ይታያል። አሁን እንግዶች ፊት አታዋርጅን።”

አታዋርጅን! እስከዚያች ቃል ድረስ ልለምነው ነበር የመጣሁት። ቃሏ ስትወጣ ግን የሚፈራው ምን እንደሆነ ገባኝ። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ አልኩና ግራ እጄን ጨብጬ ሽቅብ ዘረጋሁ። ገበያ ላይ አሳ በምጣራበት ድምፄ ጮህኩ።

“አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!”

በዚያ ዘመን መፈክር ተሰምቶ እጁን የማያነሳ ማን አለ? እንግዶቹ አነሱ። ጀልባ ነጂው አነሳ። ታንኳ ቀዛፊዎቹ፣ ተሸካሚዎቹ፣ ጓድ ታምሩም ራሱ አነሳ።

“እጃችሁን አታውርዱ!” አልኩ። “ባሌ ሰይድ ይህችን ማንሳት ስላቃተው ከጠዋት ጀምሮ ታስሯል። እምቢ ብሎ አይደለም፣ እጁ ሞታ ነው! አፉ ተጣሞ ሳቅህ አሉት፤ ምላሱ ተይዞ ጠጣህ አሉት። የአብዮቱ ጠላት ሽባ ልብስ ሰፊ ከሆነ እኔንም ጨምሩኝ፤ ይኸው ቆሜያለሁ!”

ከእንግዶቹ ጠና ያሉት ሰውዬ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

“እውነት ነው እንዴ፣ ጓድ ታምሩ?”

“እየተጣራ ነው፣ ጓድ።”

“እስኪጣራ ይታከማ።”

አዘኑልኝ አልልም። የአሳ ሽታዬ ልብሳቸው ላይ እንዳይቀር የፈሩ ይመስሉ ነበር። ቢሆንም ቃሉ ወጣ፤ ጓድ ታምሩ አንዱን ጠባቂ በጥቅሻ ከእኔ ጋር ላከው። አዳነ እንዳለውም ሰይድን አዝሎ አወጣው። ጋሪ ላይ ጫንነው፤ ባለጋሪው ፈረሱን እየገረፈ ሆስፒታል አደረሰን።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ክንዱ ላይ ጨርቁን አስሮ ደሙን ሲለካ ፊቱ ተቀየረ፤ አላመነም መሰል እንደገና ለካ።

“መቼ ነው የጀመረው?”

“ጠዋት፣ ስብሰባ ላይ።”

“ታዲያ እስካሁን የት ነበራችሁ?”

“እጁን አላነሳም ተብሎ ታስሮ።”

ሐኪሙ የተከተለንን ጠባቂ አየት አደረገ። ሌላ አልጠየቀኝም። ኋላ ጠባቂው ሲጋራ ሊያጨስ ሲወጣ ነው አጠገቤ ተቀምጦ የነገረኝ። የሰይድ አንጎል በግማሽ ወገን ደም ተቋርጦበታል። ያቋረጠው ለዓመታት ሲንር የኖረው ደም ብዛት ነው፤ ሲጋራውም ጨው የበዛበት ምግቡም አግዘውታል። ራሱን ሲያመው ስለሚያስረው ሻሽ ስነግረው እየጻፈ ሰማኝ። ስለ ሐሙሱ ስነግረው ግን ብዕሩን አስቀመጠ።

“ያ ማስጠንቀቂያ ነበር” አለኝ። “አንዳንዴ እንዲህ መጥቶ ይለቃል። ለቀቀ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ተመልሶ እመጣለሁ ማለቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ብትመጡ ሁሉን እመልስልሽ ነበር ብየ አልዋሽሽም፤ ያን ያህል መድኃኒት እጃችን ላይ የለም። ቢያንስ ግን ደሙን እናበርድለት፣ ትን ብሎት ሳንባው እንዳይጎዳ እንጠብቀው ነበር። የሐሙስ ዕለት ብትመጡ ግን…” ብሎ አልጨረሰውም። ባይጨርሰው ለእኔ እንደሚሻል አስቦ ይሆናል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስጨርሰው አለሁ።

ሰይድ አልሞተም። ሳንባው ተጎድቶ ብዙ ተሰቃየ፤ ከብዙ ሳምንት በኋላ በምርኩዝ ወጣ። አንደበቱ እየተንተባተበም ቢሆን ተመለሰ። ግራ እጁ ግን ተመልሳ አልመጣችም። ልብስ ሰፊ በአንድ እጅ ጨርቁን ይዞ በምን ሊመራው? ሱቁ ተዘጋ።

መንቀሳቀስ ሲጀምር ስብሰባ ተጠራ። ደግፌ ወስጄ ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። ጓድ ታምሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፦ “አብዮቱ ርኅሩኅ ስለሆነ፣ ጓድ ሰይድ ከዛሬ ጀምሮ በቀኝ እጁ መፈክር እንዲያሰማ ተፈቅዶለታል።” ሕዝቡ አጨበጨበ። ወላሂ አጨበጨበ! ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከማንም አልሰማንም።

ከዚያ መፈክሩ ተጠራ፤ የሁሉም እጅ ወጣ። የሰይድ ቀኝ እጅ ደህና ነበረች። አላነሳትም። በድን በሆነችው ግራ እጁ ላይ ጭኖ ጭኑ ላይ አስቀመጣት፤ ጓድ ታምሩንም ትክ ብሎ አየው። ያን ጊዜ ነው በእውነት እምቢ ያለው። ጓድ ታምሩ አየና ዓይኑን አዞረ። እኔ በባሌ ኮራሁ።

ደርግ ሲወድቅ ሰይድ አላየም። በሽታው ዳግመኛ መጣበትና ወሰደው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በባሌ ገላ ላይ የተማርኩትን ግን ልንገራችሁ። ሰው በድንገት ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ወይም አንድ እግሩ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ዓይኑ ከጨለመበት ወይም አይቶት የማያውቀው ራስ ምታት ከወደቀበት፣ ምች ነው አትበሉ። ፈገግ በል በሉት፤ ሁለት እጁን እኩል አስነሱት፤ አንድ ነገር አናግሩት። አንዱ እንኳ ካልሆነለት ዳማ ከሴ ፍለጋ አትሂዱ፤ የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት፤ የጀመረበትን ሰዓት ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ። ዛሬ ያኔ ያልነበረ ሕክምና አለ፤ የሚሠራው ግን ለቶሎ ደራሽ ነው። ቢለቀውም ውሰዱት። ቀጭን ነኝ፣ ወጣት ነኝ ሳትሉ ደማችሁን ተለኩ። ሐኪም ያዘዘላችሁን ኪኒን ተሻለኝ ብላችሁ አትጣሉት። ጨው ቀንሱ፣ ሲጋራ ተዉ፣ ተቀምጣችሁ የምትውሉም ተነስታችሁ ተራመዱ። እኔ አሳ ማድረቅ ትቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ስታወራኝ ምላሷ ሲጎተት ሰማሁ። “ሁለት እጅሽን አንሽ” አልኳት፤ እየሳቀች አነሳች። ግራዋ ወረደች። ሳቋን ሳትጨርስ ባጃጅ ላይ ወርውሬ ሆስፒታል አደረስኳት። ዛሬ በእግሯ ገበያ ትሄዳለች። ደስ ብሎኛል። የዚያን ዕለት ግን ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ በንዴት አለቀስኩ፤ ይህን ያህል ቀላል ነበር ለካ። ያን ሁሉ እሁድ እጅ ስናነሳ ኖረናል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰይድን “እጅህ የት አለ?” ያለው ሰው ነበር። “እጅህ ምን ሆነ?” ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም።